የቤር ሼቫ ፀሐይና የምንገዛው ቤት

ወደዚህ አገር ከገባን ወዲህ ትርጉማቸው ከተገለባበጠብን ቃላት መካከል «ክረምት» እና «በጋ» ይገኙበታል። በአገር ቤት ክረምት ሲባል ከሰኔ እስከ መስከረም ያለው የዝናብ፣ የጭቃና የደመና ጊዜ ነበር። ሐምሌ ጋቢ የሚያስደርብ ወር ነበር። እዚህ ቤር ሼቫ ግን ሐምሌ አንዲት ጠብታ የማይወርድበት የሙቀት ወር ነው። ዝናቡ የሚመጣው በኅዳርና በመጋቢት መካከል ሲሆን፣ የዓመቱ ሁሉ ተጠራቅሞ ቢለካ 200 ሚሊ ሜትር ያህል ብቻ ነው። ጎንደር በሐምሌ ወር ብቻ ከዚህ የበለጠ ታገኛለች።

ይህን ያነሣነው ለጨዋታ ያህል አይደለም። ከኪራይ ወጥተው ቤት ለመግዛት የሚያስቡ ቤተሰቦች በመካከላችን ብዙ ናቸው። ቤት ስንመርጥ አብዛኛውን ጊዜ የምንጠይቀው ስንት ክፍል አለው? ማሽካንታው በወር ስንት ይመጣል? ለዘመድ፣ ለትምህርት ቤትና ለአውቶቡስ ይቀርባል ወይ? የሚሉትን ነው። ሁሉም ተገቢ ጥያቄዎች ናቸው። ይሁን እንጂ «ፀሐይ በየት በኩል ትገባለች?» ብሎ የሚጠይቅ ጥቂት ነው። ለዚህ ጥያቄ መልስ የሚሰጠን ከፈረምን በኋላ በየሁለት ወሩ የሚመጣው የመብራት ሂሳብ ነው። ያን ጊዜ ደግሞ ግድግዳውን አዙሮ መሥራት አይቻልም።

መሐንዲሶች ግን ይህን ጥያቄ ቤቱ ከመሠራቱ በፊት ይጠይቁታል። መልሱን የሚያገኙትም ለዓመታት ከተለካ የአየርና የፀሐይ ጨረር መረጃ ነው። ይህ መረጃ ምን እንደሆነ፣ በከተማችን እንዴት እንደተሰበሰበና ለእኛ ምን እንደሚጠቅም በዚህ ጽሑፍ ለማስረዳት እንሞክራለን።

ፀሐይዋ አንድ ናት፣ መንገዷ ግን ይለያል

ጎንደር ከምድር ወገብ በስተሰሜን 12 ዲግሪ ተኩል ገደማ ላይ ትገኛለች። በዚህም ምክንያት ፀሐይ በዓመት ሁለት ጊዜ፣ በሚያዝያና በነሐሴ፣ በእኩለ ቀን ልክ አናት ላይ ትደርሳለች። በመካከሉ ባሉት ወራት ደግሞ ወደ ሰሜን ታልፋለች። በልጅነቱ ከብት የጠበቀ ሰው እንደሚያስታውሰው፣ በሰኔ ደመናው ገለጥ ሲል የእኩለ ቀን ጥላችን የሚወድቀው ወደ ደቡብ ነበር።

ቤር ሼቫ ግን 31 ዲግሪ ከሩብ ላይ ናት። እዚህ ፀሐይ አናት ላይ ቆማ አታውቅም። በእኩለ ቀን ዓመቱን ሙሉ በደቡብ በኩል ስለምትሆን ጥላችን ሁልጊዜ ወደ ሰሜን ይወድቃል። የቀኑ ርዝመትም ይለያያል። በአገራችን ቀንና ሌሊት ዓመቱን ሙሉ ተቀራራቢ በመሆናቸው ፀሐይ ስትወጣ 12 ሰዓት፣ አናት ላይ ስትደርስ 6 ሰዓት ማለት ይበቃን ነበር። እዚህ ግን ቀኑ በሰኔ ወደ 14 ሰዓት ይረዝማል፤ በታኅሣሥ ወደ 10 ሰዓት ያጥራል።

ለቤት ዋናው ነገር የፀሐይዋ ከፍታ ነው። አድማሱን ዜሮ፣ አናታችንን 90 ዲግሪ ብለን ብንለካ፣ ሰኔ 14 ቀን፣ ማለትም ጁን 21፣ በእኩለ ቀን የቤር ሼቫ ፀሐይ 82 ዲግሪ ላይ ትደርሳለች። ታኅሣሥ 12 ቀን፣ ማለትም ዲሴምበር 21፣ ደግሞ ከ35 ዲግሪ ብዙም አትበልጥም።

አሁን ወደ ደቡብ የሚያይ መስኮት እናስብ። ከመስኮቱ በላይ 1 ሜትር ወደ ውጭ የወጣ ጣሪያ ወይም የጎረቤት ሚርፐሴት አለ እንበል። በሰኔ እኩለ ቀን የዚህ ጥላ መስኮቱን በሙሉ ይሸፍነዋል። በታኅሣሥ ግን ጥላው ወደ ታች የሚወርደው 70 ሳንቲ ሜትር ያህል ብቻ ስለሆነ፣ ከዚያ በታች ፀሐይዋ ሰተት ብላ ሳሎን ትገባለች። ስለዚህ ቤቱ ያለ ምንም ማሽን በበጋ ፀሐይን ይከለክላል፣ በክረምት ያስገባል ማለት ነው።

ወደ ምዕራብ የሚያይ መስኮት ግን ሌላ ጉዳይ ነው። በሰኔ ከሰዓት በኋላ፣ በዚህ አገር የበጋ ሰዓት 4:45 ገደማ፣ ፀሐይዋ ወደ 37 ዲግሪ ዝቅ ብላ ከመስኮቱ ፊት ለፊት ትቆማለች። ያው የ1 ሜትር ጣሪያ በዚህ ሰዓት የሚጋርደው 75 ሳንቲ ሜትር ያህል ብቻ ነው። የቀረው መስታወት ሁሉ ለፀሐይ የተሰጠ ነው። ለዚህ ዓይነቱ መስኮት ከውጭ በኩል የሚዘጋ ትሪስ ወይም ዛፍ ያስፈልገዋል። አባታችን አብርሃም በቤርሳቤህ ዛፍ መትከሉ በኦሪት ተጽፏል። በዚህ ምድር የጥላ ጉዳይ የትናንት እንዳልሆነ ከዚህ መረዳት ይቻላል።

በአንድ ዓመት 8,760 ሰዓት

መሐንዲሱ ሕንፃውን በሲሚንቶ ከመሥራቱ በፊት በኮምፒዩተር አስመስሎ ይሠራዋል። የግድግዳውን ውፍረት፣ የመስኮቱን ስፋትና አቅጣጫ፣ የጣሪያውን ዓይነት፣ በውስጡ የሚኖሩትን ሰዎች ቁጥር ያስገባል። ፕሮግራሙም በየሰዓቱ ስንት ሙቀት እንደሚገባ፣ ስንቱ በግድግዳው ውስጥ እንደሚጠራቀም፣ ስንቱ እንደሚወጣና ማዝጋኑ ስንት መብራት እንደሚበላ ያሰላል። ለዚህ ሥራ በዓለም ዙሪያ ከሚታወቁት ፕሮግራሞች አንዱ ኢነርጂ ፕላስ ይባላል፤ የአሜሪካ የኃይል ሚኒስቴር በ2001 ያወጣው ሲሆን በነፃ ይታደላል።

ፕሮግራሙ ግን ቤቱ የት እንዳለ ካልተነገረው ምንም ሊያሰላ አይችልም። በመሆኑም የቦታው የአየር ሁኔታ በአንድ ፋይል ተዘጋጅቶ ይሰጠዋል። ዓመቱ 365 ቀን፣ ቀኑ 24 ሰዓት ስለሆነ ፋይሉ 8,760 መስመሮች አሉት። በያንዳንዱ መስመር ላይ የዚያ ሰዓት ሙቀት፣ እርጥበት፣ የነፋስ ፍጥነትና አቅጣጫ፣ እንዲሁም የፀሐይ ጨረር ተጽፏል።

ጨረሩ የሚጻፈው በሁለት ተከፍሎ ነው። አንደኛው ከፀሐይዋ በቀጥታ የሚመጣው ሲሆን፣ ጥርት ያለ ጥላ የሚያስጥለን እሱ ነው። ሁለተኛው በደመና፣ በአቧራና በአየሩ ውስጥ ተበትኖ ከመላው ሰማይ የሚመጣው ነው። የኔጌቭ አቧራ ሰማዩን ሲያለብሰው ጥላችን ይደበዝዛል፤ ብርሃኑ ግን ዓይን ይወጋል። ያን ጊዜ ቀጥተኛው ጨረር ቀንሶ የተበተነው ጨምሯል ማለት ነው። ቀጥተኛውን በትሪስ ወይም በጣሪያ መከለል ይቻላል። የተበተነው ግን በሰሜን መስኮትም ይገባል። መሐንዲሱ ሁለቱን ለይቶ ማወቅ የሚፈልገው ለዚህ ነው።

ፋይሉ የሚያሳየው ዓመት የትኛው ነው? አንዱ ዓመት ሞቃት፣ ሌላው ቀዝቃዛ ስለሚሆን፣ አንድን ዓመት መርጦ መውሰድ ያሳስታል። ስለዚህ በ1978 በአሜሪካ የሳንዲያ ላቦራቶሪ ባለሙያዎች አንድ ዘዴ አወጡ። የብዙ ዓመታት መረጃ ይሰበሰባል። ከጥር ወሮች ሁሉ ለተለመደው ጥር በጣም የሚቀርበው ይመረጣል፤ የካቲትም፣ መጋቢትም እንዲሁ። ከዚያ 12ቱ ወራት ተገጣጥመው አንድ «ዓይነተኛ ዓመት» ይሆናሉ። ከ12 የተለያዩ ሸማዎች ተቆርጦ እንደተሰፋ አንድ ልብስ መሆኑ ነው። ያ ዓመት በእውነት ኖሮ አያውቅም፤ ሆኖም ከኖሩት ዓመታት ሁሉ ይልቅ ቦታውን ይመስላል።

ማን ለካው?

በእስራኤል የአየር ሁኔታን የሚለካው በቤት ዳጋን የሚገኘው የሜትሮሎጂ አገልግሎት ነው። የእሱን መረጃ መሠረት በማድረግ በሐይፋ የቴክኒዮን የሲቪል ምሕንድስና ፋኩልቲ ለኢነርጂ ፕላስ የሚሆኑ የእስራኤል ፋይሎችን አዘጋጅቷል። ከእነዚህ አንዱ የቤር ሼቫ ነው።

በከተማችንም በ1969 የተመሠረተው የቤን ጉሪዮን ዩኒቨርሲቲ የፀሐይ ጨረርን ለብዙ ዓመታት ለክቷል። ፕሮፌሰር አብርሃም ኩዲሽና ባልደረቦቻቸው የቤር ሼቫን ጨረር የሚመለከቱ በርካታ ጥናቶችን ያሳተሙት ከዚህ መለኪያ በተገኘ ቁጥር ነው። ከከተማው በስተደቡብ በስዴ ቦከር ደግሞ በ1987 ብሔራዊ የፀሐይ ኃይል ማዕከል ተከፍቷል። የማዕከሉ መሪ የነበሩት ፕሮፌሰር ዳዊድ ፋይማን በኔጌቭ ልዩ ልዩ ቦታዎች ጨረርን ያስለካ ሰፊ ቅኝት አካሂደዋል። ምክንያቱም ኔጌቭ በካርታ ላይ አንድ ቢመስልም የቤር ሼቫ፣ የሚጽፔ ራሞንና የኤላት ሰማይ አንድ ስላልሆነ ነው።

መለኪያው ፒራኖሜትር ይባላል። በመስታወት ጉልላት ሥር የተቀመጠ ጥቁር ገበታ ነው። ፀሐይ ጥቁሩን ስታሞቀው ትንሽ የኤሌክትሪክ ኃይል ይፈጠራል፤ ያ ኃይል ተመዝግቦ ወደ ጨረር መጠን ይለወጣል። ቀጥተኛውን ጨረር የሚለካው ሌላው መሣሪያ ደግሞ ፀሐይዋን እየተከተለ የሚዞር ቱቦ ነው። ሥራው ረቂቅ ይምሰል እንጂ አንድ ተራ ነገር ያበላሸዋል፤ እሱም አቧራ ነው። መስታወቱ ካልተወለወለ ፀሐይዋ የደከመች ይመስላል። ስለዚህ ከያንዳንዱ ትክክለኛ ቁጥር ጀርባ ጨርቅ ይዞ መስታወት የሚወለውል ሰው አለ።

ቁጥሮቹ ምን ይሉናል?

አንደኛ፣ ስለ ጣሪያ። በቤር ሼቫ አንድ ካሬ ሜትር ጠፍጣፋ ቦታ በዓመት 2,000 ኪሎዋት ሰዓት ያህል የፀሐይ ኃይል ይቀበላል። በሰኔ በቀን 8 ያህል፣ በታኅሣሥ 3 ያህል ማለት ነው። 1 ኪሎዋት ሰዓት አንድ አነስተኛ የኤሌክትሪክ ማሞቂያ በአንድ ሰዓት የሚበላው ነው። 80 ካሬ ሜትር ጣሪያ በአንድ የሰኔ ቀን 640 ኪሎዋት ሰዓት ይወርድበታል ማለት ነው። ከ1980 ጀምሮ በአዳዲስ መኖሪያ ቤቶች ዱድ ሼሜሽ ግዴታ የሆነው ይህን ሀብት ለመጠቀም ነው። ነገር ግን ያው ፀሐይ የመጨረሻው ፎቅ ላይ የሚኖረውንም ሰው ታሞቃለች። ጣሪያው ጥሩ መከላከያ ከሌለውና ጠቆር ያለ ከሆነ ሙቀቱ ወደ መኝታ ቤት ይወርዳል። ነጭ የተቀባ ጣሪያ ግን አብዛኛውን ጨረር ወደ ሰማይ ይመልሰዋል።

ሁለተኛ፣ ስለ ግድግዳ። በሰኔ ከጣሪያ ቀጥሎ ብዙ ፀሐይ የሚያገኙት የምሥራቅና የምዕራብ ግድግዳዎች ናቸው፤ የደቡቡ ከእነሱ ያነሰ ያገኛል። በጠራ የታኅሣሥ ቀን ግን የደቡብ ግድግዳ ከጣሪያውም ይበልጣል።

ሦስተኛ፣ ስለ ሌሊት። በነሐሴ የቤር ሼቫ ቀን በአማካይ ወደ 33 ወይም 34 ዲግሪ ይደርሳል፤ ከንጋት በፊት ግን ወደ 20 ይወርዳል። አየሩ ደረቅ፣ ሰማዩ የጠራ በመሆኑ መሬቱ ሙቀቱን በሌሊት ይተፋዋል። የቴል አቪቭ ሰው ይህን አያገኝም፤ የባሕሩ እርጥበት ሌሊቱንም ያፍነዋል። ስለዚህ ለእኛ የሚበጀው ልማድ ቀን መስኮትና ትሪስ መዝጋት፣ ማታ ሲበርድ ወዲያና ወዲህ ያሉትን መስኮቶች ከፍቶ ነፋሱን ማሳለፍ ነው።

ይህ የሚሠራው ግን ግድግዳው የሌሊቱን ቅዝቃዜ ይዞ ማቆየት ሲችል ነው። በ1991 በሰሎሞን ዘመቻ ከገባን በኋላ ካራቫን ውስጥ የኖርን ሰዎች ተቃራኒውን እናውቀዋለን። ስስ ግድግዳ ጧት ፀሐይ ስትነካው ወዲያው ይግላል፤ ማታ ወዲያው ይበርዳል። የአገር ቤቱ ጎጆ ግን ወፍራም የሳር ክዳን ነበረው፤ ሳሩ ፀሐይን ይከላከላል፣ የጭቃው ግድግዳ ደግሞ ሙቀትንም ቅዝቃዜንም ቀስ ብሎ ነው የሚለቀው። ወላጆቻችን ፋይል አልነበራቸውም፤ ስሌቱን ግን በእጃቸው ያውቁት ነበር።

እዚህም ቢሆን ከኮምፒዩተር በፊት ያሰቡበት ነበሩ። በ1960 አካባቢ በሼኹና ሄ የተሠራው የናሙና ሰፈር ውስጥ «ምንጣፍ» የሚባሉ ዝቅተኛ ቤቶች አሉ። ዕቅዱን ካወጡት አርክቴክቶች መካከል ናሁም ዞሎቶቭና ዳንኤል ሃቭኪን ይገኙበታል። ቤቶቹ ተጠጋግተው እርስ በርስ ጥላ ይሰጣጣሉ፤ እያንዳንዱም የራሱ ውስጣዊ ግቢ አለው። በስዴ ቦከርም የኔቬ ጺን ሰፈር ሲታቀድ የአንዱ ቤት ጥላ የሌላውን የክረምት ፀሐይ እንዳይከለክል ታስቦበታል።

ፋይሉ የማያውቀው

ይህን ሁሉ ካልን በኋላ ቁጥሩ ሁሉን ያውቃል ብለን አናሳስትም። ዓይነተኛው ዓመት የተመረጠው ከተለመዱት ወራት ስለሆነ፣ ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ የሚያልፍበት የሻራቭ ሳምንት በውስጡ ላይኖር ይችላል። ስለዚህ የማዝጋኑን መጠን ለመወሰን መሐንዲሱ ከፋይሉ ሌላ የከባድ ቀን ስሌት ይሠራል። በሁለተኛ ደረጃ ፋይሉ ያለፉት ዓመታት ልጅ ነው። ዓለም እየሞቀች መሆኗን፣ 2024ም ከተመዘገቡት ዓመታት ሁሉ ሞቃቱ መሆኑን የዓለም የሜትሮሎጂ ድርጅት አስታውቋል። ዛሬ የሚሠራ ቤት ከ50 ዓመት በኋላም ሰው ይኖርበታል፤ ታዲያ ባለፈው አየር ብቻ ማስላት ይበቃል ወይ? ብዙ ባለሙያዎች የወደፊቱን የሚገምቱ ፋይሎች የሚያዘጋጁት ለዚህ ነው።

ሦስተኛው፣ መለኪያው የሚቆመው ገላጣ ቦታ ላይ ነው። አስፋልትና ሲሚንቶ በከበበው ጠባብ መንገድ ሌሊቱ እንደዚያ አይበርድም። አራተኛው የሰዓት ጉዳይ ነው። ፋይሉ የሚጻፈው ዓመቱን ሙሉ በክረምቱ ሰዓት ነው፤ የበጋ ሰዓት ለውጥ ካልተስተካከለ ሙቀቱ ሁሉ በአንድ ሰዓት ይዛነፋል። በሁለት ዓይነት ሰዓት አቆጣጠር የሚደናገረው የእኛ ሰው ብቻ እንዳልሆነ ይህ ያሳያል።

አምስተኛውና ለእኛ ቅርብ የሆነው፣ ፕሮግራሙ ውስጥ የሚገባው የተለመደ ቤተሰብ መሆኑ ነው። ስምንት ሰው የሚያድርበት ቤት፣ ለሰንበት ዳቦ የሚጋገርበት፣ የእንጀራ ምጣድ ለሰዓታት የሚግልበት፣ እንግዳ የማይጠፋበት ቤት ከዚያ ስሌት ይበልጥ ይሞቃል። ይህን ለመሐንዲሱ የሚነግረው ሰው ከሌለ ማሽኑ በራሱ አያውቀውም።

ከመፈረማችን በፊት

በመሆኑም ቤት ለመግዛትም ሆነ ለመከራየት የሚያስብ ወገናችን የሚከተሉትን እንዲያደርግ እንመክራለን። እነዚህኑ ነጥቦች በዕብራይስጡ ገጽ ላይም አትመናቸዋል፤ ለካብላኑ ወይም ለደላላው ማሳየት ይቻላል።

1. አቅጣጫውን እናረጋግጥ። በበጋ ሰዓት 12:40 አካባቢ፣ በክረምት ሰዓት 11:40 አካባቢ ጥላ ወደ ሰሜን ያመለክታል። ከጥላው ተነሥተን ሳሎኑና መኝታ ቤቱ ወዴት እንደሚያዩ እንወቅ።

2. ቤቱን በጧት ብቻ አንይ። በበጋ ከሆነ ከሰዓት በኋላ 5 ሰዓት ላይ ተመልሰን የምዕራቡን ክፍል እንግባበት።

3. የመጨረሻው ፎቅ ከሆነ ጣሪያው መከላከያ እንዳለው፣ ነጭ መቀባቱንም እንጠይቅ። ረከስ ያለበት ምክንያት ይህ ሊሆን ይችላል።

4. ነፋስ እንዲያልፍ በሁለት በኩል መስኮት አለው ወይ? የምሥራቅና የምዕራብ መስኮቶችስ ከውጭ የሚዘጋ ትሪስ አላቸው?

5. አዲስ ሕንፃ ከሆነ በእስራኤል ስታንዳርድ 5282 መሠረት የኃይል ደረጃው ስንት እንደሆነ እንጠይቅ። ደረጃው ከኤ ፕላስ እስከ ኤፍ ይወርዳል። ስታንዳርዱ አገሩን በአራት የአየር ክልሎች ይከፍላል፤ ቤር ሼቫ ያለችው በ«ቤት» ክልል ነው። ከ2022 ጀምሮም የአረንጓዴ ግንባታ ስታንዳርድ 5281 ለአዳዲስ መኖሪያ ሕንፃዎች ግዴታ ሆኗል። ስለዚህ ይህን መጠየቅ መብት እንጂ ድፍረት አይደለም።

በመጨረሻም አንድ ነገር እናሳስባለን። ቤት ለማየት ስንሄድ ወጣቶቻችን ዕብራይስጡን ለማንበብ፣ ደረጃውንና ውሉን ለመመርመር አብረውን ይሂዱ። ወላጆቻችንንም ቤት አንተዋቸው። በጥላ ሰዓትን፣ በነፋስ ዝናብን ያውቁ የነበሩ ሰዎች ናቸው። የዚህች አገር ፀሐይ መንገዷ ሌላ ቢሆንም የማየት ልምዱ አላቸው። ባዶ ክፍል መካከል ቆመው «ይህ ግድግዳ ማታ ያቃጥላል» ቢሉ እንስማቸው።

ማሽካንታው ብዙ ዓመት የሚከፈል ነው፤ የማዝጋኑም ሂሳብ እንዲሁ። አባቶቻችን እንደሚሉት፦ ሳይቃጠል በቅጠል።